ታዳጊ ድምፃውያንና ትምህርት

በዚህ እትም በልጅነታቸው ታዋቂ ስለሆኑ ድምፃውያን ትንሽ ትምህርት ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ርእሱን የመረጥኩት ለኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ዘፈን ከሚለማመዱት ልጆች አንዳንዶቹ «ቤት ከለከሉን፣ ዘፈን ከትምህርት ያዘናጋል አሉን» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ታዲያ ማን ነው ትክክል? ወላጅ ወይስ ልጅ? እስቲ ከታሪክ እንየው።

መጀመሪያ ጥላሁን ገሠሠ። ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ግን ወሊሶ አያቱ ዘንድ ሲሆን የተማረውም እዚያው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። እንደ እኛ ተማሪ እያለ ዘፈን በጣም ይወድ ነበር። አያቱ «ትምህርትህ ላይ አተኩር» ይሉታል። ሚስተር ሸዳድ የሚባሉት ሱዳናዊው ርእሰ መምህር ደግሞ «አዲስ አበባ ሂድና ሞክር» ብለው ያበረታቱታል። በዚህ መሀል የሀገር ፍቅር ከያኒያን እነ ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ትምህርት ቤቱ መጥተው ዝግጅት አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ልጁ አላስቻለውም። አያቱን ሳያስፈቅድ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ ወሊሶ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ እንደገና ጠፋ፤ አሁን ዕቃ በጫነ መኪና ተደብቆ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፣ ቀጥሎም ክቡር ዘበኛ ገባ። በአማርኛም በኦሮምኛም እየዘፈነ አገር ያወቀው ሆነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ።

ሁለተኛው ሙሉቀን መለሰ ነው። ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገና የ12 እና 13 ዓመት ልጅ ሳለ ፓትሪስ ሉሙምባ በሚባል የምሽት ክበብ መዝፈን ጀመረ። «ሄደች አሉ» የሚለውን ዘፈኑን ወላጆቻችን ያውቁታል። በኋላ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ መንፈሳዊ መዝሙር ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ አረፈ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ማታ ሲዘፍን ያመሸ ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደወል ላይ እንዴት ይደርሳል?

ሦስተኛዋ አሜሪካዊቷ ሊያን ራይምስ ናት። በአሜሪካ ቢልቦርድ የተባለ መጽሔት በየሳምንቱ የዘፈኖችንና የአልበሞችን ደረጃ ያወጣል። ካንትሪ የሚባለው የገጠር ሙዚቃ ደረጃው ለብቻው ነው፣ ሁሉም ዓይነት ተደባልቆ የሚወዳደርበትም አለ። ሊያን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 «ብሉ» የተባለ አልበም ስታወጣ 13 ዓመቷ ነበር፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው። አልበሙ በካንትሪ 1ኛ፣ በጠቅላላው 3ኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት የግራሚ ሽልማት አገኘች። ሆኖም በ2000 በገንዘብ ምክንያት አባቷን እስከ መክሰስ ደረሰች። በኋላ ታርቀዋል። የልጅ ገንዘብ በማን እጅ እንደሚቀመጥም ያሳስባል ማለት ነው።

በሳይንስ በኩልም የምናውቀው ነገር አለ። ድምፅ የሚወጣው ማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚመጣ አየር ሲርገበገቡ ነው። በጉርምስና ጊዜ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። በተለይ የወንዶች ድምፅ ይሰነጠቅና ይጎረንናል። የክራር ወፍራም ጅማት ከቀጭኑ ይልቅ ወፍራም ድምፅ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ በ12 ዓመቱ ቀጭን ድምፅ የነበረው ልጅ በ16 ዓመቱ ሌላ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። በዚህ ጊዜ በኃይል መጮህ ይጎዳል፣ ውኃ መጠጣትና ማረፍ ይጠቅማል።

እንግዲህ እኔ የተረዳሁት ይህንን ነው። ሚስተር ሸዳድም አያትየውም እውነት ነበራቸው። አንዱ ተሰጥኦውን አዩ፣ ሌላው የነገ ሕይወቱን አሰቡ። ሁለቱ ቁጭ ብለው ቢስማሙ ኖሮ ልጁ በጭነት መኪና መደበቅ ባላስፈለገው ነበር። «ጥላሁን ትምህርት ትቶ ዶክተር ተባለ» የሚል ተማሪ ካለ ደግሞ፣ እንደ ጥላሁን የሆነ ስንት ሰው አለ? ድምፅ ይለወጣል፣ የተማሩት ግን አይለወጥም።

እኛ ሸዋ ቤንች ነው ያለነው፣ መድረካችን የሰንደቅ ዓላማው ሜዳና የሚኒ ሚዲያው ማይክ ነው። ቡና ስንለቅም የማያንጎራጉር የለም፣ ያ ድምፅ እዚያው ቡናው ሥር መቅረት የለበትም። ስለዚህ ለመምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ልምምዱ ዓርብ ከክፍል በኋላ ለአንድ ሰዓት ይሁን፣ በቤንችኛም በአማርኛም ይዘፈን፣ ወላጆችም አንድ ቀን ተጠርተው ይዩት። ወላጆች ካዩት «ያዘናጋል» የሚሉት ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። ልጆችም የቤት ሥራቸውን ሳይሠሩ ልምምድ አይምጡ።

ለዛሬ ጨረስኩ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን!