«አለፈለት»፦ የስኬት ትርጉም በጋትስቢና በሴፋ እስጢፋኖስ ታሪክ

የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ በሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ በኩል ወደ በበቃና ወደ ቴፒ እርሻዎች የሚያልፉትን ወጣቶች እዚህ የምንኖር ሁሉ እናውቃቸዋለን። ቀያቸውን ለቀው ለምን እንደ መጡ ሲጠየቁ መልሳቸው ይመሳሰላል፦ «እስኪያልፍልኝ ነው።» «ስኬት» የሚለው ቃል በመማሪያ መጽሐፍና በማስታወቂያ ይዘወተር እንጂ፣ ሰው ከችግር ስለ ወጣ ወዳጁ ሲያወራ «አለፈለት» ይላል። የግሱ አሠራር ሊስተዋል ይገባዋል። ያለፈው ምን እንደ ሆነ አይነገርም፤ ክፉው ቀን እንደ ሆነ ሰሚው ያውቃል። እንግዲህ ቃሉ የሚለካው የተገኘውን ሀብት ሳይሆን የተሸኘውን ዘመን ነው። («ሰው ሆነ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።)

በዚህ መለኪያ ስናነበው የስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» (እ.ኤ.አ. 1925) ከተለመደው ትንታኔ ወጣ ያለ መልክ ይይዛል። ልብ ወለዱ ገንዘብ ያበላሸው የአሜሪካ ሕልም ታሪክ ነው ሲባል ኖሯል፤ ስሕተት ባይሆንም በቂ አይደለም። የሰሜን ዳኮታው ድሃ ልጅ ጄምስ ጋትዝ ስሙን ለውጦ፣ በሕገወጥ መጠጥ ንግድ ከብሮ፣ ከዴዚ ቤት ትይዩ ከውኃው ማዶ ትልቅ ቤት ይገዛል። የሚፈልገው ግን ከአምስት ዓመት በፊት የነበረውን ቀን ነው። ሀብቱ ዘመንን የሚሸኝበት ሳይሆን የሚመልስበት መሣሪያ ሆኗል። ባለጠጋ ሆነ፤ አላለፈለትም። አለፈለት የሚሉት አባቱ ናቸው፤ ለቀብር መጥተው፣ ከልጃቸው አስከሬን አጠገብ ሆነው፣ በቤቱ ስፋት ይደነቃሉ።

አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ነገሩን ወደ እኛ ያቀርበዋል። ርዕሱ የተወሰደው ከዳንቴ ሲሆን በአማርኛ «ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች» ልንለው እንችላለን። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሴፋ እስጢፋኖስ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አነስተኛ ሱቅ አለው። አካባቢው እየተለወጠ፣ ሀብታሞች እየገቡ፣ የእርሱ ሱቅ ይዳከማል። ቸልተኝነት እንዳለበት አይካድም፤ ሱቁን በሰዓቱ የማይከፍትበት ቀን ብዙ ነው። አንባቢ «ሰነፍ» ለማለት ይቸኩላል፤ እኔም በመጀመሪያው ንባቤ ብያለሁ።

ይሁን እንጂ በአብዮቱ ዘመን ወታደሮች ቤታቸው ገብተው ያገኙት በራሪ ወረቀት የሴፋ ነበር። አባቱ የእኔ ነው ብለው ተወሰዱ፤ ልጁ ተረፈ። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሱቁ መድከም ከዚህ ዕዳ ተነጥሎ ሊነበብ አይገባም። ሱቁ ቢያድግና ሴፋ አለፈለት ቢባል፣ የአባቱም ነገር አብሮ አለፈ ማለት ይሆናል። ሴፋ ይህን በቃል አይናገርም፤ ድርጊቱ ግን ወደዚያ ያመለክታል። መሐንዲስ የሆነው ኬንያዊው ወዳጁ ኬኔዝ እንኳ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሱቁ ገብቶ፣ ከኮንጎው ዮሴፍ ጋር የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት በስምና በዓመተ ምሕረት የመጥራት ጨዋታ ይጫወታል። ደመወዝ ያለውም የሌለውም በአንድ ካርታ ፊት ይቀመጣሉ።

የአማርኛን አነጋገር በእንግሊዝኛ ድርሰት ላይ መጫን ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለጋትስቢ ተቃውሞው ክብደት አለው፤ እዚያ ቃሉ የንባብ መነጽር ብቻ ነው። ሴፋ ግን ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀውን በእንግሊዝኛው «ሕልም» ብቻ መተርጎም እርሱን ከአንድ ቋንቋው ማጉደል ይሆናል። በክፍል ውስጥ ይህን መጽሐፍ «የከሸፈ ሕልም» ብለን ስናልፈው፣ ከበበቃ ለቀማ ገንዘብ ሳይዝ የተመለሰውንም ወጣት በዚያው ቃል መፍረዳችን ነው።

ከልብ ወለዱ ትዕይንቶች በአንዱ ሴፋ ሁለት ጎብኚዎችን ተከትሎ ሱቁን ያለ ጠባቂ ጥሎ ይወጣል፤ ከተማውን ሲያቋርጥ ይውልና በመጨረሻ ከርቀት ቆሞ ሱቁን ይመለከታል።