ክትባቱ ቴርሞሜትር አለው፤ ነጂውስ?

በቆላ አገር በሞተር ሳይክል ረዥም መንገድ ስለሚጓዝ የጤና ባለሙያና ስለሚጠጣው ውሃ

መግቢያ

ከትምህርት ክፍላችን ተመርቀው ከሚወጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ምደባቸው ወረዳ ነው። ወረዳ ማለት ደግሞ፣ መኪና እንደልብ በማይገኝበት አገር፣ ሞተር ሳይክል ማለት ነው። ለክትትል ሲወጣ በሞተር ነው፤ ሪፖርት ለመሰብሰብ በሞተር ነው፤ ክትባት ለማድረስም በሞተር ነው።

በክፍል ውስጥ ስለ ክትባት የቅዝቃዜ ሰንሰለት ብዙ ተምረናል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል መቆየት እንዳለበት ከእንቅልፋችን ተቀስቅሰን ብንጠየቅ እንኳ የምንመልሰው ነው። ያንን ክትባት በጀርባው አዝሎ በሃሩር የሚነዳው ሰው የራሱ ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ መቆየት እንዳለበት ግን ብዙም አንነጋገርም። ለክትባቱ በረዶ እንቆጥራለን፤ ለሞተሩ ነዳጅ እንለካለን፤ ለነጂው ውሃ የሚለካ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስገንዘብ ነው፦ በሙቀት አገር ሞተር የሚነዳ ሰው እስኪጠማው ጠብቆ ሳይሆን ሰዓት ቆጥሮ መጠጣት አለበት። ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚደረግ ቀጥሎ እንመለከታለን። ምሳሌዬን የምወስደው ከአፋር ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሎግያና ሰመራ የሚወስደው መንገድ፣ ሰመራ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ያወርዳችኋል። በሰኔ ወር ደግሞ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ እዚያ ወሬ አይሆንም። እኔም ለተግባር ልምምድ በሄድኩበት ጊዜ የዚህን መንገድ ሙቀት ከሞተር ኋላ ተቀምጬ ቀምሼዋለሁ።

ነፋሱ ያታልላል

ሰውነታችን ሲሞቅ ዋናው ማቀዝቀዣው ላብ ነው። ነገር ግን የሚያቀዝቅዘው ላቡ ከቆዳችን ላይ ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ግን ኪሣራ ነው፤ ውሃውን እናጣለን፣ ቅዝቃዜውን አናገኝም።

እግረኛ ሰው ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ያያል፤ ሸሚዙም ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ይሰማዋል። ስለዚህ «ኧረ ውሃ!» ይላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ግን ላቡ ገና ብቅ ከማለቱ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ቆዳው ደረቅ ነው፤ ሸሚዙም ደረቅ ነው። «እኔ እኮ ብዙ አያልበኝም» ብሎ ያስባል። ማስረጃው ማታ ላይ ይገኛል፦ በሸሚዙ ጀርባና በሄልሜቱ ማሰሪያ ላይ የሚቀረው ነጭ የጨው መስመር።

ሁለተኛው ማታለያ ደግሞ የነፋሱ ሙቀት ነው። በሞቃት ቦታ የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከዚያ በታች ሲሆን ነፋስ ከሰውነታችን ሙቀት ይወስዳል። አየሩ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ሙቀት ይዞልን ይመጣል። የሴቶች ፀጉር ቤት ያለውን ካስክ ማሰብ ነው። እዚያ ሥር የተቀመጠ ፀጉር ነፋስ አግኝቷል፤ ግን ይደርቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። በ40 ዲግሪ ሙቀት ጃኬቱን አውልቆ ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚነዳ ሰውም በካስክ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ታዲያ ምን ይለበስ? ሳሳ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ እጀ ረዥም ልብስ። ሽርጥ ወይም ሻሽ አንገት ላይ ይጠቀለል፤ ጃኬቱም አይወልቅ፤ ብቻ አየር የሚያሳልፍ ይሁን። ጃኬት ለውድቀትም ለፀሐይም መከላከያ ነው። ትርፍ ውሃ ከተገኘ ደግሞ ከጃኬቱ ሥር ያለውን ሸሚዝ ማርጠብ ጥሩ ዘዴ ነው። ያ ውሃ ሲተን በላባችን ፈንታ ያቀዘቅዘናል፤ ከሰውነታችን የሚወጣው ውሃ ይቆጠባል ማለት ነው።

ጥም ዘግይቶ ይመጣል

ብዙ ሰው «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ይላል። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ በቂ ነው። በሃሩር ለሚሠራ ሰው ግን አይበቃም። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አዶልፍና ባልደረቦቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በበረሃ ያሉ ወታደሮችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1947 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ካገኙት ነገር አንዱ፣ ሰዎቹ ውሃ አጠገባቸው እያለ እንኳ ደስ ባላቸው መጠን ብቻ ሲጠጡ ያጡትን ያህል አለመተካታቸው ነው። የጎደለው የሚሞላው ብዙ ጊዜ ምግብ ላይ ሲቀመጡ ነበር።

ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ለመጠጣት መቆም፣ ሄልሜት ማውለቅና ጓንት ማውለቅ ያስፈልጋል። «ትንሽ ልሂድና» እየተባለ 20 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

በልምምዱ ጊዜ አብሬው የሄድኩት አንጋፋ የጤና ባለሙያ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሰዓቱን ያያል፤ ጊዜው ሲደርስ መንገዱ ጥሩ ሆነ መጥፎ ይቆማል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አልጠማኝም» ብለው «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ እስኪቆም ትጠብቃለህ? ሳያልቅበት ትቀዳለታለህ። ለራስህ ሲሆን ምን ሆነህ ነው?» ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ በክፍል ውስጥም አላገኘሁም።

አደጋው ራስን መሳት ብቻ አይደለም

ውሃ ማነስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በፀሐይ ተመቶ የወደቀን ሰው ነው። ለሞተር ነጂ ግን አደጋው ከዚያ በፊት ይጀምራል። ከሰውነት ክብደት ወደ 2 በመቶ የሚሆን ውሃ ሲጎድል ትኩረት ይቀንሳል፤ ራስ ምታትና ድካም ይመጣል፤ ሰውየው ይነጫነጫል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 በመቶ ማለት 1.2 ሊትር ነው። ላቡ በሰዓት ግማሽ ሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ ምንም ሳይጠጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዳ እዚያ ይደርሳል። በከባድ ሙቀት ደግሞ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያልበው ይችላል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። 11 ወንዶች በመኪና መንዳት ማስመሰያ መሣሪያ ላይ ለሁለት ሰዓት እንዲነዱ ተደረገ። በአንደኛው ቀን በቂ ውሃ ጠጥተው፣ በሌላው ቀን ውሃ ተቀንሶባቸው። መስመር መልቀቅና ፍሬን ዘግይቶ መያዝን የመሳሰሉት ስህተቶች በቂ ውሃ በጠጡበት ቀን 47 ሲሆኑ ውሃ ባነሳቸው ቀን 101 ደረሱ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ መሣሪያውም መኪና እንጂ ሞተር አይደለም። ቢሆንም መኪና መስመር ሲለቅ ነጂው ዙሪያውን ብረት አለው፤ ሞተር ሲለቅ ግን ያለው ሄልሜቱ ብቻ ነው። በአዋሽ–ሚሌ መንገድ ላይ ደግሞ ከፊትም ከኋላም የጂቡቲ ከባድ መኪና አለ፤ ድንገት መንገድ የሚያቋርጥ የግመል መንጋም አለ።

ምን ያህል? መቼ? እንዴት?

ከመነሳት በፊት፦ ሌሊቱን ያለ ውሃ ያደረ ሰውነት በባዶው መነሳት የለበትም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ300 እስከ 420 ሚሊ ሊትር፣ ቀደም ብሎ መጠጣት ነው። ከቁርስ ጋር ቢሆን የተሻለ ነው።

በጉዞ ላይ፦ በሙቀት ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጠው የተለመደ ምክር በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ነው። ሞተር ነጂ እንዲህ እየቆመ አይዘልቅም። እኔ የማቀርበው ቀላል ስሌት በየ40 ደቂቃው ቆሞ ግማሽ ሊትር፣ ማለትም አንድ ትንሹ ሃይላንድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ እስከ 4 ሰዓት ለሚጓዝ ሰው ይህ 3 ሊትር ይሆናል። ጎማ ቢፈነዳስ? ስለዚህ ከዚህ በላይ ቢያንስ አንድ ሊትር መጠባበቂያ ይያዝ። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ጠርሙስ ላይ አድርጎ መንዳት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ልክነቱን ማወቂያ፦ የሰው ላብ ይለያያል። በየጤና ጣቢያው ሚዛን አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ተመዘኑ፤ ስትመለሱም በዚያው ልብስ ተመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ አንድ ሊትር ያህል ጎድሏችኋል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ጨምሩ። ክብደት ከጨመራችሁ ደግሞ ከልክ በላይ ጠጥታችኋል፤ ቀንሱ። ሚዛን ከሌለ የሽንት ቀለም ይታይ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥሩ ነው፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሷል።

ውሃውን ማቀዝቀዝ፦ የፈላ ውሃ ማን ይጠጣል? ሰው ሞቃት ውሃ ሲሆን ትንሽ ይጠጣል። ጠርሙሱን በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚነካው ቦታ ማሰር ነው። ጨርቁ ሲደርቅ ጠርሙሱን ያቀዘቅዘዋል፤ የላብ ሥራም ይኸው ነው። ነገር ግን የመጠጥ ውሃን ከክትባት መያዣ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ክልክል ነው። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል፤ በረዶውም ለክትባቱ የተቆጠረ ነው።

ጨውና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር

በላብ ጨውም ይወጣል። ቢሆንም እንጀራ በወጥ በልቶ የተነሳ ሰው ለግማሽ ቀን ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚበቃውን ጨው አግኝቷል። ሙሉ ቀን ለሚጓዝ፣ እግሩን ቁርጠት ለሚይዘው ወይም ተቅማጥ ላለበት ግን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር መያዝ ጠቃሚ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓኬቱ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን ፓኬት መገልበጥ ጨውን በእጥፍ ያወፍረዋል፤ ጥምን ከማስታገስ ይልቅ ያብሳል። ፓኬት ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሳያማክር ልማድ አያድርገው።

ብዙ ውሃ መጠጣትም መጠን አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው በደማቸው ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት አያስፈልግም።

ጾም፣ ጫትና ቢራ

በአፋር አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ በረመዳን ወር ቀን ውሃ አይጠጣም። የኦርቶዶክስ ጿሚም እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ይቆያል። መፍትሔው ጿሚውን መውቀስ ሳይሆን የሥራ ዕቅዱን ማስተካከል ነው። ረዥም ጉዞን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ፣ ግድ ከሆነም ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ከረፋዱ በፊት መድረስ። በእስልምና መንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያካክስ የተፈቀደ መሆኑም ይታወቃል፤ ውሳኔው ግን የጿሚው ነው።

ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ ውሃ አይተካም፤ አፍንም ያደርቃል። ማታ የተጠጣ ቢራ ሽንት ስለሚያበዛ ጠዋት ጎድሎ ያስነሳል። ሻይና ቡና በልኩ ቢጠጡ ግን ክፋት የላቸውም።

ሞተሩን የሚያስቆሙ ምልክቶች

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር ቁርጠት፣ ያለምክንያት መናደድ፣ የኪሎ ሜትር ምልክቶችን አልፎ አለማስታወስ፦ ከነዚህ አንዱ ሲታይ ቆሞ ጥላ መፈለግ ነው። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው። ወደ ጥላ ወስዶ፣ ሄልሜቱንና ጃኬቱን አውልቆ፣ ሰውነቱን በውሃ እያረጠቡ ማራገብ፤ ወዲያውም ወደ ጤና ተቋም ማድረስ። ራሱን በቅጡ ለማያውቅ ሰው ግን በአፉ ውሃ አይሰጥም፤ ትን ይለዋል።

ማጠቃለያ

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ ይህ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሁለት ሦስት ጠርሙስ ውሃ፣ አንድ ጨርቅና አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በየወረዳው የጉዞ መፍቀጃ ሲሞላ የነዳጅ መጠን የሚጻፍበት ቦታ አለ። ከሥሩ «ውሃ፦ ... ሊትር» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ወጪ የለውም። እኛም ነገ ኃላፊ ሆነን ፊርማ የምናሳርፍ ነንና፣ ከክትባቱ ሳጥን በፊት የነጂውን ጠርሙስ ማየት እንልመድ። ክትባቱ ቢበላሽ ሌላ ይላካል፤ ያደረሰው ሰው ግን ምትክ የለውም።