ስለ ማውስ አመራረጥና አያያዝ

በኮምፒዩተር ክፍል ለልምምድ ስንቀመጥ ደጋግመን ከምንሰማቸው እሮሮዎች አንዱ «እጄ እኮ አይታዘዝም!» የሚለው ነው። ሠልጣኙ ሦስት ማዕዘን ለመሣል ፈልጎ ጠቋሚው ነጥቡን አልፎት ይሄዳል፤ ሊመልሰው ሲል ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይዘላል። ጎረቤቱ ይስቃል፤ እሱም «ለኮምፒዩተር አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የመሣሪያው ወይም የአስተካከሉ ሆኖ እናገኘዋለን። ነገ ክፍል ገብተን የልጆችን እጅ የምንዳኝ እኛው በመሆናችን ጉዳዩን አቅልለን ልናየው አይገባም።

ስለ አመጣጡ ባጭሩ እንበል። ማውስን ያሰበው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ናሙና በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 ሠርቶታል። የእንጨት ሣጥን ነበር። ከሥሩ እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን የተገጠሙ ሁለት ጎማዎች ነበሩት፤ አንዱ የግራ ቀኙን፣ ሌላው የላይ ታቹን እንቅስቃሴ ይለካል። የሒሳብ ሠልጣኞች ወዲያው እንደሚገነዘቡት ይህ በግራፍ ወረቀት ላይ የምናውቃቸው የኤክስና የዋይ ዘንጎች ናቸው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ታየ። በኋላ ጎማዎቹ በአንዲት ኳስ ተተኩ፤ የኳሷ ነገር አቧራ እየሰበሰበች መንቀርፈፏን የሚያስታውሱ መምህራን አሉ። ከ1999 ወዲህ ደግሞ በብርሃን የሚሠራው ዓይነት በሰፊው ተስፋፋ።

ይኸኛው እንዴት ይሠራል ቢባል፣ ከሆዱ ሥር ያለችው ትንሽ መብራት ጠረጴዛውን ታበራለች፤ ከጎኗ ያለው ሴንሰር የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶግራፍ እያነሣ አንዱን ምስል ከቀጠለው ጋር ያነጻጽራል። በአውቶቡስ መስኮት የሚመለከት ተሳፋሪ ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ አይቶ ወደ ፊት እየተጓዘ መሆኑን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ሴንሰሩም የገጹ ጭረትና ቃጫ ወዴት እንደሸሸ አይቶ የእጃችንን አቅጣጫ ያሰላል። እንግዲህ የሚያየው ነገር ከሌለ አያሰላም ማለት ነው። ማውስ በመስታወት ጠረጴዛ ላይ የሚያብደው በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁጥር እንምጣ። በሣጥኑ ላይ «ዲ.ፒ.አይ.» ተብሎ የሚጻፈው፣ ማውሱ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ ስንት እርምጃ ቆጥሮ ለኮምፒዩተሩ እንደሚነግር ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የስክሪኑ ወርድ 1920 ፒክስል ነው እንበል፤ አንዱ እርምጃም አንድ ፒክስል ይሁን። ባለ 800 ማውስ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ 2.4 ኢንች ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ያህል የእጅ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። ለባለ 3200ው አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ይሄ መቼም ደስ ይላል፤ እጅ አይደክምም። ግን እጃችን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትንቀጠቀጥስ? በ800 ጠቋሚው 31 ፒክስል ገደማ ይስታል፤ በ3200 ግን 126 ፒክስል! ይህን ያህል ስሕተት አንድ ረዘም ያለ ቃል ይውጣል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ማለት ፈጣን ጠቋሚ እንጂ ትክክለኛ ጠቋሚ ማለት አይደለም። ለኛ ሥራ፣ ለጽሑፍ፣ ለጂኦሜትሪ ሥዕልና ለካርታ፣ ከ800 እስከ 1600 ያለው ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በአንዳንድ ርካሽ ማውሶች ላይ ሴንሰሩ በራሱ ሊያይ ከሚችለው በላይ ቁጥሩ በስሌት ተባዝቶ ይጻፋል። አንዱን እርምጃ ሁለት ወይም አራት አድርጎ መቁጠር ነው፤ ጠቋሚው መሐል ያሉትን ፒክስሎች እየዘለለ ይሄዳል እንጂ የበለጠ አያይም። በሳንቲ ሜትር ብቻ የተከፈለ ማስመሪያ ላይ በግምት መስመር ጨማምሮ «ሚሊ ሜትር ይለካል» እንደማለት ነው። ከኪሳችን የምናወጣት ገንዘብ ጥቂት ስለሆነች ለዚህ ዓይነቱ ቁጥር ተጨማሪ ባንከፍል ይሻላል።

ባለሱቁ ኮምፒዩተር ካለው ከመግዛታችን በፊት እንሞክረው። የፔይንትን ፕሮግራም ከፍቶ እጅግ በዝግታ ሰያፍ መስመር መሣል ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ በደረጃ በደረጃ የሚዘል ከሆነ ሴንሰሩ ደካማ ነው። በተቃራኒው እጃችን እየተንቀጠቀጠች መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ መስሎ ቀጥ ካለም እንጠራጠር፤ ማውሱ እያረመልን ነው ማለት ነው። በስክሪን ላይ የ«ሀ»ን ወይም የ«ሠ»ን አጣጣል ለልጆች ለማሳየት ለሚፈልግ መምህር እንዲህ ያለው እርማት ፊደሉን ያበላሽበታል።

ማውሱ ደህና ሆኖ ኮምፒዩተሩ የሚያጣምምበትም ጊዜ አለ። በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ «ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የምትል ምልክት ማድረጊያ አለች። ስሟ ትክክለኛነትን ይጨምራል ቢልም፣ ሥራዋ እጅ ሲፈጥን ጠቋሚውን አብልጦ ማስሮጥ፣ እጅ ሲዘገይ ደግሞ መቆጠብ ነው። ለማረጋገጥ የሚከተለውን ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ እንለጥፍ፤ ማውሱን በጠርዙ አስጠግተን 3 ሳንቲ ሜትር በፍጥነት እንግፋና በዝግታ ወደ ተነሣበት እንመልሰው። ጠቋሚው የስክሪኑን ዳር እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ምልክቷ ካለች ጠቋሚው የተነሣበት ቦታ አይመለስም፤ ስትጠፋ ግን ከሞላ ጎደል ይመለሳል። ገና ለሚማር እጅ አንድ ርቀት ሁልጊዜ አንድ ውጤት ቢሰጠው ይለምዳል ብለን ስለምናምን ብትጠፋ እንመርጣለን። የለመደባት ሰው ግን ከጠፋች በኋላ ለጥቂት ቀናት መቸገሩ አይቀርም።

በእጅ አያያዝ በኩል ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። መዳፉን ሙሉ የሚያሳርፍ አለ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚነዳ አለ። ለመጀመሪያው ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ለሁለተኛው ትንሽና ቀላል ይስማማዋል፤ ሣጥኑ ሳይከፈት በዓይን መግዛት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። በገመድ ወይስ ያለ ገመድ? ለራስ ከሆነ እንደ ፍላጎት፣ ለጋራ ክፍል ግን ባለ ገመዱ ይሻላል። የባትሪ ድንጋይ አይፈልግም፤ በኪስ ገብቶም አይጠፋም።

ከተገዛ በኋላ ትልቁ ጠላቱ የኛው የጠመኔ ብናኝ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ባለበት ክፍል ብናኙ ከሴንሰሩ ቀዳዳ ገብቶ ሌንሱን ይሸፍነዋል፤ ጠቋሚውም ይንቀጠቀጣል። ገመዱን ነቅሎ፣ ገልብጦ፣ በደረቅ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል። በሥሩ ያሉትን መንሸራተቻ እግሮችም እንጥረጋቸው፤ እድፍ ሲጋገርባቸው ማውሱ እንደ ጫማ ይጎተታል። ጠረጴዛው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ነጭ ወረቀት ማንጠፍ ይቻላል፤ በካርቶን ላይ ስስ ጨርቅ አጥብቆ ለጥፎ የሚሠራው ምንጣፍ ደግሞ ከወረቀቱ ይበልጣል፣ ወጪውም ከምንም አይቆጠር። አንዴ ስንጫነው ሁለቴ የሚቆጥር ከሆነ ግን ጽዳት አያድነውም፤ የቁልፉ ውስጥ መገናኛ አልቋል፤ ብየዳ የሚችል ሰው ይቀይረዋል።

ግራኝ ልጅ ባለበት ክፍል ማውሱን ወደ ግራ አዙሮ በዚያው ማስተካከያ የሁለቱን ቁልፎች ሥራ ማለዋወጥ ይቻላል፤ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ማውስ መግዛት የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ነበረበት ይመለስ፤ አለዚያ ተከትሎ የሚቀመጠው ሰው «ይሄ ማውስ ተበላሽቷል» እያለ መምህሩን ሲጠራ ይውላል።