ጀማሪ የብሎክቼይን ፕሮግራም በራሱ እንዴት ይማር?

በዚህ ጽሑፋችን ብሎክቼይን ስለሚባለው የመዝገብ አያያዝ ዘዴና አንድ ጀማሪ ፕሮግራሙን በራሱ ጥረት ከየት ተነሥቶ ሊማረው እንደሚችል እናቀርባለን። የብሎክቼይን ስም አብዛኛውን ጊዜ ከቢትኮይንና ከገንዘብ ጋር ስለሚነሣ «ታዲያ ይህ ለመምህር ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብሎክቼይን ከገንዘብ በፊት መዝገብ ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ ተመድበን ሮስተር የምንሞላው ደግሞ እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2021 የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴርና ኢንፑት አውትፑት የተባለው ኩባንያ ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎችና ለ750,000 መምህራን በብሎክቼይን የሚሠራ የመታወቂያና የውጤት መዝገብ ለማዘጋጀት መስማማታቸው ተገልጾ ነበር። ስለሆነም ነገሩን በወሬ ከመስማት አሠራሩን ማወቅ ይሻለናል።

አነሣሡ

የሐሳቡ መሠረት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአንድ ሰነድ ቀን በኋላ እንዳይለወጥ ሰነዶችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ዘዴ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም፣ ማንነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ጸሐፊ የቢትኮይንን ሐሳብ በ9 ገጽ ጽሑፍ አቀረበ። መረቡም በጃኑዋሪ 2009 ሥራ ጀመረ።

ደረጃ አንድ፦ በወረቀትና በእስክሪብቶ

ብዙ ጀማሪ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተር ይሮጣል። እኛ የምንለው ግን መጀመሪያ ሰንሰለቱን በእጅ ሥሩት ነው። ለዚህ ኮምፒዩተርም መብራትም አያስፈልግም።

ሦስት የማርክ ገጾች እንውሰድ፤ በየገጹ የሦስት ተማሪዎች ማርክ አለ። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ «መቆጣጠሪያ ቁጥር» እናወጣለን። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ማርክ በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3 አባዝተን እንደምራለን፤ ያለፈውን ገጽ መቆጣጠሪያ ቁጥር እንጨምርበታለን፤ ከዚያም ለ97 አካፍለን ቀሪውን እንይዛለን።

ገጽ 1፦ 72፣ 65፣ 88። ድምሩ 466፤ ቀሪው 78።
ገጽ 2፦ 54፣ 91፣ 60። ድምሩ 416፤ 78 ሲጨመርበት 494፤ ቀሪው 9።
ገጽ 3፦ 80፣ 47፣ 73። ድምሩ 393፤ 9 ሲጨመርበት 402፤ ቀሪው 14።

አሁን አንድ ሰው በገጽ 1 ላይ 65ን ሰርዞ 85 አደረገ እንበል። የገጽ 1 ቁጥር 21 ይሆናል። ገጽ 2ንና ገጽ 3ን ማንም አልነካቸውም፤ ግን እንደገና ሲሰላ የገጽ 2 ቁጥር ከ9 ወደ 49፣ የገጽ 3ም ከ14 ወደ 54 ይለወጣል። አያችሁ? የተነካው አንድ ማርክ ነው፤ የተናጋው ግን ሰንሰለቱ በሙሉ ነው። «ብሎክ» የሚባለው ገጹ፣ «ቼይን» የሚባለው ይህ መያያዙ ነው።

ሆኖም ደንባችን ደካማ ነው። በገጽ 1 ላይ 72ን 74፣ 65ን 64 ብናደርገው ቀሪው ያው 78 ሆኖ ስለሚቀር ለውጡ አይታወቅም። በዚህ ምክንያት ቢትኮይን ሻ-256 የሚባል እጅግ የጠነከረ ስሌት ይጠቀማል። የሚሰጠው ጽሑፍ አጭርም ይሁን ረጅም ውጤቱ ሁልጊዜ 256 ቢት ነው። ይህ ውጤት «ሐሽ» ይባላል። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሐሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ሐሽ የሚሰጡ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎችንም እስካሁን ያገኘ የለም።

ሌላም ቀዳዳ አለ። መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሦስቱንም ገጽ እንደገና አስልቶ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ቅጂው በብዙዎች እጅ ይቀመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! አዲስ ገጽ ማን ይጨምር ለሚለውም ደንብ አለ። በቢትኮይን ከባድ የሙከራ ስሌት ቀድሞ የፈታው ኮምፒዩተር በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ገጽ ይጨምራል። ኢቴሪየም የሚባለው ሰንሰለት ግን ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ ይህን ሥራ ገንዘብ በመያዣነት ላስቀመጡ ተሳታፊዎች ሰጥቷል።

ደረጃ ሁለት፦ በፓይተን

በወረቀት የሠራነውን አሁን ወደ ፕሮግራም እንለውጠዋለን። ለጀማሪ ፓይተን የተባለው ቋንቋ ይቀላል። ሐሽ የሚያሰላው «ሐሽሊብ» የተባለው ክፍል ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ፓይተን አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ) አንድ ቃል ሰጥቶ ሐሹን ማየት፤
ለ) አንድ ገጽ የሚያዘጋጅ ፈንክሽን መጻፍ፤
ሐ) በየገጹ ውስጥ ያለፈውን ገጽ ሐሽ አስገብቶ ማያያዝ፤
መ) ሰንሰለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመረምር ፈንክሽን መጻፍ፤
ሠ) ሆን ብሎ አንድ ማርክ ለውጦ መርማሪው ይይዘው እንደሆነ መፈተን።

(ሠ)ን የዘለለ ሰው (መ) መሥራቱን በምን ያውቃል? የሌላ ሰው ፕሮግራም ገልብጦ «ሠራልኝ» ማለትም መማር አይደለም። እያንዳንዱን መስመር ለጓደኛ በአማርኛ ማስረዳት እስክንችል እንቆይበት። በራስ መማር ማለት ብቻውን መማር ስላልሆነ፣ በሦስት በሦስት ሆኖ አንዱ ሲጽፍ አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲያርም ነገሩ ይቀላል።

ደረጃ ሦስት፦ በሶሊዲቲ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም በሰንሰለቱ ላይ ማርክ ወይም ሂሳብ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራምም እንዲቀመጥ ያደርጋል። ይህ ፕሮግራም «ስማርት ኮንትራክት» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈውም ሶሊዲቲ በተባለ ቋንቋ ነው። ለልምምድ ሪሚክስ የሚባለው መጻፊያ በብራውዘር ይከፈታል። በውስጡ የማስመሰያ ሰንሰለት ስላለው ለመማር አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። እንግዲህ «ለመማር መጀመሪያ ኮይን ግዙ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ የመጣው ለማስተማር አለመሆኑን እወቁ።

በሶሊዲቲ መቸኮል ምን እንደሚያስከትል አንድ እውነተኛ ምሳሌ እነሆ። እ.ኤ.አ. በጁን 2016 «ዘ ዳኦ» የተባለው ኮንትራክት ገንዘብ ሲጠየቅ መጀመሪያ ይከፍልና ከዚያ በኋላ ከሂሳቡ ይቀንስ ነበር። አጥቂው ሂሳቡ ከመቀነሱ በፊት ደጋግሞ እየጠየቀ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር አወጣ። በዚህ የተነሣ ተጠቃሚው ተከፋፍሎ በሚቀጥለው ወር ሰንሰለቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የነበረው በሁለት ሥራዎች ቅደም ተከተል ላይ ነው። መጀመሪያ ከሂሳብ መቀነስ፣ ቀጥሎ መክፈል! ኮንትራክት አንዴ ሰንሰለቱ ላይ ከወጣ በኋላ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ተጠርጎ አይታረምምና ምርመራው መቅደም አለበት።

ሰንሰለቱ የማይችለው

ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ብሎክቼይን የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይመረምርም። 45 ላገኘ ተማሪ 54 ብለን ብናስገባ ሰንሰለቱ ያንን ሐሰት አጥብቆ ይይዝልናል። በትጋት ተምሮ 54 ላገኘው ልጅ 45 ብንጽፍበትም እንዲሁ ነው፤ በኋላ እርማት በአዲስ ገጽ ይጨመራል እንጂ የመጀመሪያው አይጠፋም። የተማሪ ስምና ማርክም ሁሉ በሚያየው ሰንሰለት ላይ መውጣት የለበትም። ደግሞም ሁሉም የሚያምነው አንድ የመዝገብ ቤት ባለበት ቦታ ተራ መዝገብ ይበቃል። ሰንሰለቱ የሚጠቅመው ብዙ ወገኖች አንዱ በሌላው መዝገብ ላይ መተማመን ሲያቅታቸው ነው።

በመሆኑም የፕሮግራሙ ትምህርት የሚጀምረውም የሚያልቀውም በመዝጋቢው ታማኝነት ላይ ነው። ማርኩን በትክክል ያረመ መምህር ከሌለ ሻ-256 ብቻውን የትም አያደርሰንም።

መልመጃ

1) በገጽ 2 ላይ 91 ወደ 92 ቢለወጥ የገጽ 3 መቆጣጠሪያ ቁጥር ስንት ይሆናል?
2) በገጽ 3 ላይ ሁለት ማርክ ለውጣችሁ ቁጥሩ 14 ሆኖ እንዲቆይ አድርጉ። ከዚህ ምን ተማራችሁ?
3) በተቋማችን የማርክ መዝገብ አምስት ቅጂ ቢኖረው በእነማን እጅ ቢቀመጥ ይሻላል? ምክንያታችሁን አስረዱ።

መልሶቹን በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን። እስከዚያው አሠልጣኞቻችንም እጩ መምህራንም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሞክሩት።