«በጥናት ተረጋገጠ» የሚል ፖስት ሼር ከማድረግዎ በፊት



በቀደም ኢንጅባራ ወደምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ወጣት ከዳንግላ መጣች። እሷ አልታመመችም። ስልኳን አውጥታ አንድ የቴሌግራም ፖስት አሳየችኝ፦ «በጥናት ተረጋገጠ! የእግር ማበጥ በሽታ በዘር ይተላለፋል!» ይላል።

«ዶክተር፣ የእጮኛዬ እናት እግራቸው እንዲህ ነው። ቤተሰቦቼ ይህን ካዩ ወዲህ ሠርጉ ይቅር እያሉኝ ነው። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ለእሷ የነገርኳትን ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

በሽታው ምንድን ነው?

ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ብዙ ሰው «ዝሆኔ» ይለዋል። በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ አለ፣ እሱ የቆላ በሽታ ነው። ይሄኛው ግን ከትንኝም ከጀርምም አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ይገባሉ፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ፣ ከዚያ እግር ያብጣል። ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ላይ አጥንቶ አሳይቷል። የኛ አዊ ደግሞ ደጋ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ነው። ዘንገና ሐይቅ ራሱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ መሆኑን አስታውሱ።

ታዲያ «በዘር» የሚለው ከየት መጣ?

ከእውነተኛ ጥናት ነው የመጣው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት የዘርን ድርሻ 63 በመቶ ብሎ ገመተ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ለበሽታው እንደሚያጋልጡ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ።

63 በመቶ ማለት ግን «ከ100 ልጆች 63ቱ ይታመማሉ» ማለት አይደለም! በተጠኑት ሰዎች መካከል አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሆነበት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳይ ግምት ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፣ በሽታው አይወረስም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን የሚታጠብ ልጅ እናቱ ቢታመሙም ራሱን መጠበቅ ይችላል።

ደስ የሚለው፣ ተመራማሪዎቹ ይህን አደጋ ቀድመው አስበውበታል። ስለ ዘር የሚደረግ ጥናት በሕሙማኑ ቤተሰብ ላይ ያለውን መገለል እንዳያባብስ ስጋት እንዳለ፣ ፈቃድ ሲጠየቅም ይህ መታሰብ እንዳለበት በ2009 ጽፈዋል። ፖስቱን የሠራው ሰው ግን ጥንቃቄውን ጥሎ ርዕሱን ብቻ ወሰደ። ውጤቱ አንድ ሠርግ ላይ አረፈ።

«መድኃኒት ተገኘ!» የሚለውስ?

ይህም ይዞራል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ወጥቷል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነው የተሞከረው። እግርን እያጋለ የሚነሳው ሕመም በአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ወደ 19.4 ጊዜ ዝቅ አለ። «ፈውስ» አይባልም። ግን እርሻና ገበያ ለሚውል ሰው በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከመተኛት መዳን ቀላል ነገር አይደለም። እውነቱን በልኩ መናገር ማለት ይህ ነው።

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ጥናቱን ማን ሠራው? የት ታተመ? ስሙ ካልተጠቀሰ እለፉት።
2. በስንት ሰው ላይ? ከማን ጋር ተነጻጽሮ? በአይጥ ላይ የተሞከረ ነገር በሰው ላይ እንደተሞከረ አይቆጠርም።
3. በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሟል? ዛሬ ሳይገመገም ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቅ ጥናት ብዙ ነው። ገንዘብ ከተከፈለው ያገኘውን ሁሉ የሚያትም መጽሔትም ሞልቷል።
4. «አያያዝ አለው» ማለት «ተጋላጭ ያደርጋል» ወይስ «የግድ ይታመማል» ማለት ነው?
5. ታማሚው ራሱ ቢያነበው ምን ይሰማዋል?

አምስተኛውን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት እናት እግር ፎቶ ለትምህርት ብዬ ለጥፌ ነበር። ፊታቸው ስለማይታይ በቂ መስሎኝ ነበር። የሰፈር ሰው ግን በጫማቸው ለያቸው። አጥፍቼው ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ያዩትን ሰዎች ዓይን ግን መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ፣ አዊኛ ከሆነም በአዊኛ፣ ተነግሮት ካልፈቀደ ፎቶ አላወጣም።

ልጅቷን «አማትሽን ይዘሻቸው ነይ፣ ቤተሰቦችሽም ጥያቄ ካላቸው ይምጡ» አልኳት። በሳምንቱ ሁለቱም መጡ። እትዬ እግራቸውን እንዴት እንደሚታጠቡ ሳሳያቸው ሳፋውን የያዘችው እሷ ነበረች። ሠርጉ ገና አልተቆረጠም፣ አባቷ እያሰቡበት ነው።

እናንተስ ያጠራጠራችሁ የጤና ፖስት አለ? በኮመንት ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ይህን ጽሑፍ ያ ፖስት ለደረሳቸው ሁሉ አድርሱልኝ።

መልካም ጤና!