ሥራ ቀይሮ ወደ ቤተ ሰብ ስለ መቅረብ

በዚህ እትም የምንነጋገርበት ጉዳይ ከመካከላችን ብዙዎችን የነካ፥ ሌሎቻችንንም ነገ የሚነካ ነው። ሰው በሩቅ ከተማ ደኅና ሥራ ይዞ ሲኖር ወላጆቹ ወይም ትዳሩ ባሉበት ከተማ ሌላ ሥራ ቢያገኝ፥ ደመወዙ ቢያንስም እንኳ መሄድ ይገባዋልን? መልሱ ቀላል የሚመስለው ገና ላልደረሰበት ሰው ነው።

ጥናታችንን ከመርካቶ፥ ከምን አለሽ ተራ እንጀምር። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው አሮጌ ብረት፥ ቆርቆሮ፥ ጠርሙስና ጀሪካን እዚያ ደርሶ እንደ ገና ዕቃ ይሆናል። በርሜሉ ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል። እንግዳ ሰው ሥፍራውን ከማየቱ በፊት የመዶሻውን ድምፅ ይሰማል።

መርካቶ አሁን ባለበት ቦታ የተቋቋመው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንዲነሣ በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያውን ካቀኑት መካከል ከጉራጌ አገር የመጡ ሰዎች ዋነኞቹ ናቸው። የብዙዎቹ ኑሮ ግን ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ይኸውም ወንዱ ከተማ ሲሠራ ሚስት በአገር ቤት እንሰቱን ትጠብቃለች። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ፥ ፍግና እንክብካቤ የሚፈልግ ተክል ነው። ዝናብ ቢዘገይም ቶሎ የማይከዳ ምግብ ስለ ሆነ፥ ያንን ጥሎ ቤተ ሰቡን ሁሉ ወደ ከተማ ማምጣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ስለዚህ ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ ሙስሊሙ ለአረፋ አገሩ ይገባል። ለበሬው መግዣ ዓመቱን ሙሉ እቁብ ይጣላል። በመስከረም አጋማሽ አውቶቡስ ተራ የተገኘ ሰው የዚህን ናፍቆት ልክ ያውቀዋል።

ይህ ልማድ ብዙ ቤት ያቆመ ስለ ሆነ አላናንቀውም። ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ አባት እንግዳ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ችግር አይነገርም፤ ክትፎ ይቀርብለታል፥ ይመረቃል፥ ይሸኛል። ጎጆው ማፍሰስ መጀመሩን የሚሰማው ከሄደ በኋላ ነው።

የእኔም ነገር ከዚሁ የሚገናኝ ነው። አባቴ በልጅነታቸው ከቸሃ መጥተው በምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። እናቴን ዘግይተው አምጥተው እኛን እዚሁ ወለዱን። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስጨርስ ጅማ ሥራ ያዝሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱም በወልቂጤ በኩል ስለሚያልፍ፥ አባቴ ወደ ከተማ የመጡበትን መንገድ እኔ ተመልሼ እያለፍሁት ነበር። በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፥ በየእሑዱም እደውላለሁ። ምን ብጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር። «ደኅና ነኝ፥ ደኅና ነኝ፥ አንተስ?» ይላሉ። ሂሳብ እንዳልጨርስ የሚቸኩሉ ይመስለኝ ነበር።

የዓመት ፈቃድ ወስጄ ስመጣ ነው እውነቱን ያወቅሁት። አባቴ ስልኩን አይሰሙም። ታናሽ እኅቴ ከአጠገባቸው ቆማ በእጇ ምልክት ስትሰጣቸው ነበር «አንተስ?» የሚሉት። ደንበኛ «ሰባት» ሲላቸው «ሰማንያ» ሰምተው ይጣላሉ። እኅቴን ለምን አልነገርሽኝም ብላት «መጥተህ ትሄዳለህ፥ ለምን ላስጨንቅህ?» አለችኝ።

ስለ ጆሮ እዚህ ላይ ጥቂት ላንሣ፤ ከመካከላችን በብረት ቤትና በወፍጮ ቤት የምትሠሩ አላችሁና። ድምፅ ከ85 ዴሲቤል በላይ ሆኖ ሥራው በቀን ስምንት ሰዓት ከዘለቀ በዓመታት ውስጥ ጆሮን ይጎዳል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሕመም ስለ ሌለው ሰው ሳያውቀው ያልቃል። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነገር ነው፥ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሥራ ፈለግሁ፤ በአንድ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ከጅማው በአምስተኛ እጅ ያንሳል። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ ቀረልኝ፥ የአውቶቡሱም ወጪ ቀረ። ጎደሎው ካሰብሁት ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። እናንተም ብትሆኑ ደመወዝን ከደመወዝ ጋር ብቻ አታነጻጽሩ።

ሕጉን ማወቅም ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ከ30 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት፤ ሳያስታውቅ ቢወጣ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ሳይቀበል አይሂድ። የጡረታ መዋጮ፥ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 ከመቶ፥ ቀደም ሲል የተከፈለው አይጠፋም፤ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ለአዲሱ አሠሪ መስጠት ነው። በአዲሱ ቦታ ደግሞ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። እኔ ይህን ሳላጣራ አልጋዬን ጭምር በአይሱዙ ጭኜ መጣሁ። አልተሰናበትሁም፥ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም።

በዚሁ አዋጅ ሌላም የሚታሰብበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለከባድ ድንገተኛ ጉዳይ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፥ ያውም በዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። በሩቅ ያለ ልጅ በእነዚህ ቀኖች ምን ያህል ማስታመም እንደሚችል ራሱ ያስላ።

እንግዲህ ሁሉም ይምጣ ማለቴ ነውን? አይደለም። ከሩቅ በሚላከው ገንዘብ ብቻ የቆመ ቤት አለ፤ እዚያ የልጁ መምጣት ቤቱን ይጥላል። «ለቤተ ሰቤ ብዬ ነው» እያለ ከአለቃው የሚሸሽም አይጠፋም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ባልና ሚስት ደግሞ በሁለት ክፍለ ሀገር ተለያይተው የዝውውር መልስ ሲጠብቁ ዓመታት የሚያልፉባቸው አሉ፤ የእነርሱ ነገር በፈቃዳቸው ብቻ የሚወሰን አይደለም።

መቅረብም የራሱ ጣጣ አለው። አባቴ መምጣቴን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የምትልከው ይቀራል ማለት ነው?» ብለው ነው። ከፋኝ። በኋላ ግን ገባኝ፤ በዚያ ገንዘብ የታናሼን የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍኑ ኖሯል። አሁን እኔ ራሴ እከፍላለሁ። ወዲያው ደግሞ መዶሻውን እንዲያስቀምጡ ለመንኋቸው፤ በዚህ ጉዳይ ሦስት ወር ተጣላን።

«ቤት ተቀምጬ ምን ልስማ?» አሉኝ። «መዶሻውን እሰማዋለሁ፤ የማልሰማው ሌላውን ነው።»

በመጨረሻ የጆሮ መድፈኛውን ተቀበሉ፤ መዶሻውን ግን አልተዉም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለማልገባ ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ደንበኛው ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ ደኅና ወደሚሰማው ወደ ግራ ጆሮአቸው ጠጋ ብዬ ዋጋውን እደግምላቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ለከሰል ምድጃ እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ ሲሰጥ ጮክ ብዬ ደገምሁላቸው። አባቴ ቀና አሉና፥

«ቀስ በል እንጂ፤ ጎረቤት ሰምቶ በዚህ እሸጣለሁ ይላል» አሉኝ።