ብልህነትና ወንጀል

«ወንጀለኛ ማለት አእምሮው የጎደለ ሰው ነው» የሚሉ አሉ። «የለም፤ ሌባ ከማንም ይልቅ ብልጥ ነው» የሚሉም አይታጡም። ውድ አንባቢ ሆይ፥ እውነቱ ከየትኛው ወገን ነው? እስቲ አብረን እንመርምረው።

እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ናታን ሊዮፖልድና ሪቻርድ ሎብ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። የመጀመሪያው 19፥ ሁለተኛው 18 ዓመቱ ነበር። የባለጸጋ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በዚያ ዕድሜያቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዘው ነበር። ሊዮፖልድማ ስለ ወፎች ያጠና ተመራማሪ ነበር። እነዚህ ወጣቶች «ማን ይደርስብናል?» ብለው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ገደሉ። ገንዘብ ቸግሯቸው አይደለም፤ ብልህነታቸውን ሊፈትኑበት ነው እንጂ። ለወራት ያወጡ ያወረዱት ዕቅድ የፈረሰው በመነጽር ነው! ሊዮፖልድ ሬሳው አጠገብ የጣለው መነጽር ማጠፊያው ልዩ ስለ ነበር፥ በከተማው የተሸጠው ለሦስት ሰዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ልክና 99 ዓመት ተፈረደባቸው።

እንግዲህ ዕውቀት ብቻውን እጅን ከክፉ ሥራ አይከለክልም። ይሁን እንጂ የእነዚህ ታሪክ ዝነኛ የሆነው ብርቅ ስለሆነ ነው። ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ 3000 የሚጠጉ እስረኞችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ወንጀለኛ የተለየ መልክ እንደሌለው፥ አእምሮው ግን በአብዛኛው ዝቅ ያለ መሆኑን ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የተደረጉት የአእምሮ ፈተናዎችም በአማካይ ወደዚያው ያመለክታሉ። ግን ልብ እንበል፤ የተፈተኑት በአብዛኛው የተያዙት ናቸው። ያልተያዘውን ብልጥ ማን ፈተነው?

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ትራቪስ ሂርሺና ማይክል ሂንደላንግ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡት አሳብ ነው። የአእምሮ ፈተና ውጤት ማነስ ልጁን በቀጥታ ወደ ወንጀል አይወስደውም ይላሉ። ትምህርት ይከብደዋል፥ ይወድቃል፥ ትምህርት ቤቱንም ይጠላል፤ ወደ ጥፋት የሚያዘነብለው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ በክፍል ውስጥ ያልፋል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በመጨረሻው ወንበር ይቀመጥ የነበረ ጓደኛችን ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሞ መልሱ ሲጠፋው ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር፤ እኔም ስቄአለሁ። በዚህ ዓመት ስም ሲጠራ የእርሱ አልተጠራም።